ስለ ፍሬን ዘይት ለጠየቃችሁኝ

ዛሬም ስልኩ አላረፈም። ከጥያቄዎቹ ግማሹን ከዚህ በፊትም መልሼዋለሁ፤ ግድ የለም፣ እደግመዋለሁ። እናንተ ያቺን የፍሬን ዘይት ዕቃ ክዳን መነካካት ካልተዋችሁ እኔም መናገር አልተውም።

የፍሬን ዘይት በስንት ጊዜ ይቀየራል?

ለአብዛኛው መኪና በሁለት ዓመት አንዴ። የመኪናህ መመሪያ ሌላ ካለ እሱን ስማ።

መኪናዬ አብዛኛውን ጊዜ ቆማ ነው የምትውለው። ቆማም ያረጃል እንዴ?

ያረጃል እንጂ! ይሄ ዘይት ውሃ ይጠጣል። ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፣ በላስቲክ ቱቦዎቹ በኩል እንኳ ቀስ እያለ ይገባበታል። ክዳኑን ያለ ጉዳይ አትክፈቱ የምለው ለዚህ ነው። መጠኑን ለማየት ኮፋኖውን ማንሳት ይበቃል፤ የዘይቱ ዕቃ ብርሃን ያሳልፋል፣ ዘይቱ ከላይኛውና ከታችኛው ምልክት መሃል ከሆነ ዝጉና ሂዱ።

ዓምና የተከፈተ ግማሽ ጣሳ ቤት አለኝ። ልጨምረው?

አይሆንም፣ እህቴ። ዓመት ሙሉ ሲጠጣ ከርሟል። በውሃ ፕላስቲክ ገልብጠሽው ከሆነ ደግሞ አሁኑኑ ልጆች ከማይደርሱበት አንሺው፤ መርዝ ነው።

ረጅም ቁልቁለት ስወርድ ፔዳሉ ለስልሶ እስከ ታች ገባ። ዳር ይዤ ትንሽ ሳርፍ ተመለሰ። አሁን ደህና ነው፤ መታየት አለበት?

ወንድሜ፣ እኔን ያስደነገጠኝ «አሁን ደህና ነው» ያልከው ነው። የሆነውን ልንገርህ። ፍሬን ስትይዝ ሸራው ዲስኩን ያሻል፣ ይግላል፤ ግለቱ ሸራውን በሚገፋው ፒስተን አልፎ ዘይቱ ጋ ይደርሳል። ዶት 3 እና ዶት 4 የፍሬን ዘይት ዓይነቶች ናቸው፤ አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይችላል፣ ዶት 4 ደግሞ እስከ 230። 3.7 ከመቶ ያህል ውሃ ሲገባበት ግን ዝቅተኛው ልክ ለዶት 3 ወደ 140፣ ለዶት 4 ወደ 155 ይወርዳል። ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይሆናል። ዘይት አይታመቅም፣ እንፋሎት ግን ይታመቃል፤ እግርህ የሚጨምቀው አረፋ ነው፣ ሸራው ጋ የሚደርስ ግፊት የለም። ሲበርድ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፣ ፔዳሉም ምንም እንዳልተፈጠረ ይጠነክራል። ጋራዥ ቆሞ የረገጠው መካኒክም «ምንም የለውም» ብሎ ይሰድሃል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ላይ የሆነውን አንድ በአንድ ንገረው።

አሁን ልጠይቅህ፤ ፎሌ አድርገህ፣ ማለት ማርሽ አውጥተህ ነበር የምትወርደው? (ሳቀ። «ነዳጅ ለመቆጠብ» አለ።) ይኸው! የዛሬ ኢንጀክሽን ሞተር በማርሽ እየወረድክ ነዳጅ መስጫውን ስትለቅ ነዳጁን ራሱ ይዘጋል፤ ፎሌ ስታደርግ ነው ሞተሩ እንዳይጠፋ የሚጠጣው። ነዳጁንም አልቆጠብክ፣ የመኪናውን ክብደት በሙሉ ግን ፍሬኑ ላይ ጫንከው። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ቀንስ፤ አውቶማቲክም ዝቅተኛ ማርሽ አለው። እግርህን ፔዳል ላይ አሳርፈህ አትውረድ፤ ጠበቅ አድርገህ ያዝና ልቀቅ። ገብቶ እምቢ ካለህም ደጋግመህ ርገጥ፣ ማርሽ ቀንስ፣ የእጅ ፍሬኑን በትንሽ በትንሹ ሳብ።

ደግሞ «ባለፈው ወር ጨምሬበታለሁ» እንዳትለኝ። አንድ ደንበኛ እንዲሁ ብሎኝ ነበር። ላይ ያለው ዘይት እውነትም ጠራ ያለ ነው። ካሊፐሩ (ሸራውንና ፒስተኑን የያዘው አካል) ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን ላላ ሳደርጋት ግን የተንጠባጠበው እንደ ተቃጠለ የሞተር ዘይት የጠቆረ ነው። ይሄ ዘይት እንደ ሞተር ዘይት አይዞርም፤ ከላይ ብትጨምር ቸርኬው ጋ ያለው አሮጌ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። መጨመር መቀየር አይደለም! ሳታስቀይር ቁልቁለት እንዳትወርድ።

ዘይቱ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ችግር ነው?

ሸራ ሲሳሳ በጥቂቱ ይወርዳል፤ ከመጨመርህ በፊት ሸራውን አስለካ። በየሳምንቱ የምትጨምር ከሆነ ግን እየፈሰሰ ነው። የጎማውን ውስጠኛ ጎን እርጥብ መሆኑን እይ። ደረቅም ቢሆን መካኒክ ጋ ሂድ።

መንገድ ላይ ቢያልቅብኝ የመሪ ወይም የሞተር ዘይት ልጨምር?

በፍጹም! የላስቲክ ጎሚኒዎቹን ያሳብጣቸዋል። ተሳስቶ የጨመረ ካለ ፔዳሉን አይርገጥ፣ መኪናው ተጭኖ ይሂድ።

ዶት 3 ላይ ዶት 4 መጨመር ይቻላል?

ይቻላል። ዶት 5 ግን ሲሊኮን ነው፣ ከነዚህ ጋር አይገናኝም። 5.1 ደግሞ ከ5 ሌላ ነው፣ ሲሊኮን አይደለም፤ ስሙ አያሳስታችሁ። ክዳኑ ላይ ተጽፎላችኋል፤ ለማንበብ መክፈት አያስፈልግም።

ቀለሙ ላይ ፈሰሰብኝ።

ስልኩን ዝጋና በብዙ ውሃ እጠበው። አትሸው።

ባለቤቴ ፔዳሉን እየረገጠችልኝ ራሴ ልቀይረው?

ከሚያውቅ ሰው ጋር ሠርተህ ታውቃለህ? ካላወቅህ በፍሬን አትማር። አየር ከቀረበት ፔዳሉ ስፖንጅ እንደመርገጥ ይሆናል፤ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ካለው ደግሞ አንዳንዱ ያለ ኮምፒውተር አየሩን አይለቅም። ባለሙያ ጋ ውሰደው፤ አዲሱን ጣሳ ሲከፍት ግን አጠገቡ ቁም፣ ማሸጊያው ፊትህ ይቀደድ።