እጣኑን የሚለኩሰው ማነው?

እንኳን ደህና መጣችሁ! ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ፣ ወንበር ሞልቷል። ቡናው እየተፈላ ነው። ሳምቡሳው ከእረፍት በፊት አይነካም ብላለች ጸሐፊያችን፤ እኔ ከእሷ ጋር አልጣላም፣ እናንተም ባትሞክሩት ይሻላችኋል።

ለአዲስ አባላት በአጭሩ ልናገር። እኛ በምናባችን ዓለም የምንሠራ ሰዎች ነን። ወደብ የሌላት አገር ልጆች ሆነን ቁጭ ብለን ባሕረኛ ሕዝብ እንፈጥራለን፤ የሚስቅ ይሳቅ። ደሴቶቹ አሉ፣ መርከቦቹ አሉ፣ የቀረጡ ደንብ ሳይቀር አለ። የጎደለው ስም ብቻ ነው። እሱንም ባለፈው ጉባኤ እስከ ማታ ተጨቃጭቀን ስላልተስማማን ዛሬም «ደሴቶቹ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

የዘንድሮው ሥራችን የደሴቶቹ የአጫዋቾች ማኅበር ነው። መርከብ ሲገባ ነጋዴውን ወይም ካፒቴኑን ተቀብለው የሚያጫውቱ፣ የሚዘፍኑ፣ ገበጣ የሚገጥሙ፣ ደብዳቤ የሚጽፉ፣ በገበያ የሚያስተረጉሙ፣ አንዳንዶቹም አልጋ የሚጋሩ ሰዎች ናቸው። ሥራቸው ይሄ ነው፣ እንጀራቸውም ይሄ ነው። ዋጋ አላቸው፣ ደንብ አላቸው፣ ሰብሳቢ አላቸው።

የላካችኋቸውን ረቂቆች በሙሉ አነበብኩ። ያምራሉ። ሽቶ አለ፣ ሐር አለ፣ ጨረቃ አለ፣ ከጨረቃዋ ሥር ደግሞ ሁልጊዜ አንዲት ዓይኗ ምሥጢር የያዘ ሴት አለች። ስም አልጠራም፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ግን በአንዱም ውስጥ ደረሰኝ የለም! ማን ለማን ስንት እንደከፈለ፣ ገንዘቡ የት እንደገባ፣ ልጅቷ ሥራውን ስትጀምር ያን ሁሉ የሐር ቀሚስ በማን ብድር እንደገዛች የጻፈ አንድም ሰው የለም። የእድር ልጆች አይደለንም እንዴ? ማኅበር ምን እንደሆነ እኛ ካላወቅን ማን ሊያውቅ ነው? መዝገብ አለው፣ መዋጮ አለው፣ ቅጣት አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ገንዘብ ያዡን የሚጠረጥር ሽማግሌም አይጠፋውም። የዕዳው መዝገብ በማን እጅ እንዳለ እስክንጽፍ ድረስ ማኅበሩን ገና አልጻፍነውም። ዛሬ የምለው ይሄንኑ ነው። ለምን እንደምለው ደግሞ በምድር ላይ ከሆነ ነገር ላሳያችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ከነፋሱ እንጀምር፤ ሥራውን የወለደው እሱ ነውና። በሕንድ ውቅያኖስ በሸራ የሚሄድ መርከብ በፈለገው ቀን አይነሳም። ነፋሱ ቀጠሮ አለው፦ ከሰኔ እስከ መስከረም ገደማ ከደቡብ ምዕራብ ይነፍሳል፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ገደማ ደግሞ ተገልብጦ ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል። ከሕንድ፣ ከጉጅራት ተነስቶ የዛሬዋ ማሌዥያ ውስጥ ያለችው ማላካ ወደብ የደረሰ ነጋዴ ሸቀጡን በሳምንት ቸብችቦ ቢጨርስ እንኳ ነፋሱ እስኪዞርለት ድረስ ወራት ይቀመጣል። ቋንቋ አያውቅም። ዘመድ የለውም። የከተማውን ሚዛን አያምንም፣ ኪሱ ግን ሞልቷል። እንዲህ ያለ ሰው በመቶዎች የሚቆጠርበት ወደብ ላይ አጫዋች ባይፈጠር ነበር የሚገርመው።

ዦው ዳጓን የሚባል ቻይናዊ በ1296 ከመልእክተኞች ጋር ወደ አንግኮር፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ካምቦዲያ፣ ሄዶ ያየውን ጽፎ ትቷል። ገበያው በሴቶች እጅ ነበር። ስለዚህ ከአገሩ የመጣ ቻይናዊ እግሩ እንደረገጠ መጀመሪያ የሚያደርገው ሚስት መፈለግ ነው፣ ምክንያቱም ንግዷ ይጠቅመዋል። ልብ በሉ፣ እሷ እዚህ ጌጥ አይደለችም። ዋጋ የምታውቀው እሷ ናት፣ ማን አታላይ እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት። ረቂቆቻችን ውስጥ ግን አጫዋቿ ስለ ቅርንፉድ ዋጋ አንድ ቃል አትተነፍስም። ለምን? ካፒቴኑ የሚከፍላት ግማሹ ለዚያ እኮ ነው።

በእኛ አገርም ባሕሩ ይቅር እንጂ ነገሩ ነበር። ክረምት ሲገባ ተከዜ ይሞላል፣ ቅፍለቱ ይቆማል፣ ነጋዴው ባለበት ከተማ ይከርማል። ነጋዴውም ወታደሩም ከቤቱ ሲርቅ በደሞዝ ያገባ ነበር። ጊዜው ይወሰናል፣ ደሞዙ ይቆረጣል፣ እማኝ ይቆማል። ደሞዙ ካልተከፈላት አቤት የምትልበት አላት። ከዚያ ጋብቻ የተወለደ ልጅም ከአባቱ ይወርስ ነበር። ማኅበር አልነበራቸውም፤ እማኙና ዋሱ ግን የማኅበሩን ግማሽ ሥራ ይሠሩ ነበር። ደሴቶቹ ላይ የዋስ ሥርዓት ያስገባ ሰው የለም፣ እኔ ደግሞ በጣም የጓጓሁት ለሱ ነው። ዋስ ያለበት ታሪክ ውስጥ ሁልጊዜ የሚሸሽ ሰው አለ፣ የሚሸሽ ሰው ካለ ደግሞ ልብ ወለድ አለ።

አሁን ወደ እጣኑ። የጃፓን ጌይሻዎች፣ ማለትም እንግዳን በዘፈንና በጨዋታ የሚያስተናግዱ ባለሙያ ሴቶች፣ ክፍያቸው በእጣን ይለካ ነበር። እንግዳው ዘንድ ስትቀርብ የእጣን ዘንግ ይለኮሳል፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይተካል፣ በመጨረሻ ስንት እንደነደደ ተቆጥሮ ሒሳብ ይሠራል። ከጀርባ ደግሞ ኬንባን የሚባል ጽሕፈት ቤት አለ። እዚያ ትመዘገባለች፣ ጥሪው እዚያ ይመጣል፣ ሒሳቡም እዚያ ይሠራል። ስለዚህ ትልቁ ጥያቄ ሙዚቃው አይደለም። እጣኑን የሚለኩሰው ማነው? የቤቱ እመቤት ከሆነች አጠር ያለ ዘንግ ልትገዛ ትችላለች። እንግዳው ከሆነ ልጅቷ ዘፈን ላይ ሳለች እፍ ሊለው ይችላል። ደሴቶቹ ላይ በእጣን ፋንታ የመርከብ የአሸዋ ሰዓት ብናደርገውስ? ግማሽ ሰዓት የሚቆጥረውን ማለቴ ነው። በሸራ መርከቦች ዘመን ተረኛ መርከበኞች ጥበቃው ቶሎ እንዲያልቅላቸው አሸዋው ሳያልቅ ይገለብጡት ነበር ይባላል። እንግዲህ ይሄን የለመደ መርከበኛ አጫዋች ቤት ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ያንኑ ሰዓት ሲያይ እጁ ዝም የሚል ይመስላችኋል? ይቺን ትንሽ ጠብ በደንብ የጻፈልኝ ሰው ጨረቃውን ሁሉ ይቅር እለዋለሁ።

ከሁሉም በላይ ግን እንድትሰሙኝ የምፈልገው የ1872ን ነገር ነው፤ ዕዳ እንዴት እንደሚሠራ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ አላውቅም፣ ደግሞም ከባሕር ነው የሚጀምረው። ማሪያ ሉዝ የምትባል የፔሩ መርከብ ከማካው ከ200 በላይ ቻይናውያን የጉልበት ሠራተኞችን ጭና ስትሄድ ማዕበል መታትና የጃፓን ወደብ የሆነችው ዮኮሃማ ገባች። ሰዎቹ ውል ፈርመዋል ተብሎ ነው እንግዲህ፣ አያያዛቸው ግን የባሪያ ነበር። አንዱ ሌሊት ባሕር ውስጥ ዘለለ። ዋኝቶም አጠገቡ ወደ ነበረ የእንግሊዝ ጦር መርከብ ደረሰ። ጉዳዩ ወደ ጃፓን ዳኞች ሄደ። የካፒቴኑ ጠበቃ ተነስቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እናንተስ? በከተማችሁ ውስጥ ሴት ልጅ በዕዳ ውል ለዓመታት ታስራ ትሠራ የለም ወይ? የእናንተ ውል ከጸና የእኛስ ለምን አይጸናም?» የሚል መከራከሪያ አቀረበ። ከባድ ነው! ዳኞቹ ቻይናውያኑን ነጻ አወጧቸው፤ ፔሩ ካሳ ብላ ብትከስም በ1875 የሩሲያው ንጉሥ አስታርቆ ለጃፓን ፈረደ። ግን መንግሥት አፍሮ ነበር። በዚያው በ1872 በጥቅምት የዝሙት ቤት ሴቶችንና ጌይሻዎችን ከዕዳ ውል የሚፈታ አዋጅ አወጣ።

አዋጁን ተከትሎ የወጣው ደንብ ያቀረበው ምክንያት ግን ጉድ ነው። ሴቶቹ ሰብአዊ መብታቸውን የተገፈፉ ናቸው፣ ስለዚህ ከፈረስና ከከብት አይለዩም፣ ፈረስና ከብት ደግሞ ዕዳ ክፈል ተብሎ አይጠየቅም፤ በቃ፣ ዕዳው ተሰርዟል! ነጻ ሲያወጧቸውም ከብት ብለው ነው። እኔ ይሄን ሳነብ መሳቅም መናደድም አቃተኝ።

ታዲያ ምን ሆነ? ወዲያው በማግስቱ ዓመት ቤቶቹ በሌላ ስም ተመለሱ። አሁን ባለቤቱ «ክፍል አከራይ» ነው፣ ልጅቷ ደግሞ «በራሷ ፈቃድ» ክፍል የተከራየች ሠራተኛ። ብድሩ ያው ነው፣ ለቤተሰቧ የተሰጠው ቅድሚያ ገንዘብ ያው ነው፣ መዝገቡም በዚያው ሰውዬ ጉያ ነው። የፈቃድ ዝሙት በሕግ እስኪያበቃ ድረስ እስከ 1950ዎቹ ሄዷል፤ ሕጉ በ1956 ወጥቶ ቅጣቱ በሥራ ላይ የዋለው በ1958 ነው። ለዚህ ነው ረቂቅ ላይ «ደጓ ንግሥት መጣችና አጫዋቾቹን ነጻ አወጣች» የሚል ምዕራፍ ሳይ የሚያሳክከኝ። እሺ አወጣች፤ መዝገቡንስ አቃጠለችው? ቅጂው የት አለ?

ልጆቹንም አትርሱ። እዚያው ጃፓን፣ ናጋሳኪ ወደብ ላይ ደጂማ የምትባል በሰው እጅ የተሠራች ደሴት ነበረች፣ ርዝመቷ 120 ሜትር ገደማ፣ ወርዷ 75። ሆላንዶች ከ1641 ጀምሮ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ እዚያች ላይ ታጥረው ነገዱ። ሚስት ይዞ መግባት ክልክል ነበር። የሚፈቀድላቸው ሴቶች ማሩያማ በሚባለው የከተማዋ የዝሙት ቤቶች ሰፈር የተመዘገቡት ብቻ ነበሩ። ለሆላንዶቹ የሚሠራ ሲቦልት የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ1823 መጥቶ ታኪ ከምትባል ሴት ጋር ኖረ፤ መዝገቡ ላይ ስሟ ሶኖጊ ነው። በ1827 ኢኔ ተወለደች። እሱ በ1829 ከአገር ተባረረ። ልጅቷ አደገች፣ የአባቷ ተማሪዎች እያስተማሯት በምዕራባዊ ሕክምና የሠለጠነች ሐኪም ሆነች። እና የእኛ ደሴቶች ላይ እንዲህ ያለችው ልጅ በማን መዝገብ ላይ ትጻፋለች? በእናቷ ማኅበር? በአባቷ መርከብ? ወይስ በየትኛውም? ማኅበሩ ለልጆች ትምህርት የሚቆርጠው መዋጮ አለ ወይ? ይሄን የነካ የለም። አሮጊት አጫዋችም የለችም በነገራችን ላይ፤ ሁሉም ሃያ ዓመት ላይ ቆመው ቀርተዋል።

ስለ ባሕር ወንበዴ ጀግኖች አንድ ነገር ብዬ ላብቃ፣ ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ። አዎ፣ ዠንግ ዪ ሳው ነበረች። ቻይና ውስጥ ካንቶን አካባቢ በጀልባ ላይ ከሚሠሩት ሴቶች መካከል ነው የወጣችው ይባላል፤ ባሏ በ1807 ሲሞት የወንበዴዎቹን መርከቦች መራች፣ በ1810 ተደራድራ እጅ ሰጥታ ሀብቷን ይዛ ወጣች። አሪፍ ናት። ግን እያንዳንዷ አጫዋች እሷ ልትሆን አትችልም። አንዷ ትበቃናለች።

አሁን ወደ ሥራ። በሦስት ቡድን ትከፈላላችሁ፣ ዝርዝሩ በሩ ላይ ተለጥፏል። የመጀመሪያው ቡድን የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ይጽፋል፤ የመግቢያ መዋጮ፣ የቅጣት፣ የዋስና የጡረታ አንቀጽ የግድ ነው። ሁለተኛው የአንዲት አጫዋችን የአንድ የነፋስ ወቅት ሒሳብ ከገቢ እስከ ወጪ በቁጥር ይሠራል። ሽቶም ካለ ዋጋው ይጻፍ። ሦስተኛው ልጆቹንና አሮጊቶቹን ይይዛል። ከሰዓት ድምፅ የምንሰጥበት ጉዳይ አንድ ብቻ ነው፦ መዝገቡን ማን ይይዘዋል? ራሳቸው አጫዋቾቹ፣ የቤት ባለቤቶቹ ወይስ የወደቡ ሹም? እኔ ለወደቡ ሹም ነው ድምፄን የምሰጠው፤ ለሴቶቹ ይሻላል ብዬ እንዳይመስላችሁ፣ ጠቡ የሚጦፈው እንደዚያ ስለሆነ ነው። የመረጥነው እስከሚቀጥለው ጉባኤ ሁላችንንም ያስራል፣ ኋላ «እኔ አልነበርኩም» የለም።

ምሳ 7 ሰዓት ነው። የዓመት መዋጮ ያልከፈላችሁ ገንዘብ ያዣችን ቀኝ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። በአጀንዳው ላይ ተቃውሞ ያለው እጁን ያውጣ።