ሁለት ፍርድ የተሰጠው ጮሌ፦ የ«ፓል ጆይ» ታሪክ

[ምስል፦ የ1957ቱ ፊልም ማስታወቂያ። ከበስተኋላ ፒያኖ ብቻ።]

ጆይ ኢቫንስ ይባላል፤ «ፓል ጆይ» የተባለው የአሜሪካ ሙዚቃዊ ተውኔትና ፊልም ባለታሪክ ነው። ዘፋኝ ነው፤ ትልቅ ዘፋኝ ግን አይደለም። ይጨፍራል፣ መድረክ ይመራል፣ ቀልድ ጣል ያደርጋል፤ ከሁሉም በላይ ግን ሴት ማባበል ያውቅበታል። አፈ ቅቤ የሚባለው ዓይነት ሰው ነው፤ ልበ ጩቤ መሆን አለመሆኑን ገና እናየዋለን። የራሱ የምሽት ክበብ እንዲኖረው ይመኛል፤ ምኞቱ እንዲሞላለት አንዲት ሀብታም ሴት ይጠጋል፤ በጎን ደግሞ አንዲት የዋህ ልጅ ያፈቅራል፣ ወይም ያፈቀረ ይመስለዋል። ታሪኩ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

የሚያከራክረው መጨረሻው ነው። በቲያትር መድረክ ላይ ጆይ ሁለቱንም ሴቶች ያጣል። በፊልሙ ላይ ግን ወጣቷን ልጅ ይዞ ይሄዳል። ያው ጆይ፣ ያው ምላስ፣ ያው ቅጥፈት፤ ፍርዱ ግን ተገለበጠ። በተውኔቱና በፊልሙ መካከል 17 ዓመት አለ፤ የዛሬው ዝግጅታችን በእነዚያ ዓመታት ምን እንደተፈጠረ ይተርካል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

[ምስል፦ የጽሕፈት መኪና፣ የተጨማደደ ወረቀት።]

ጆይ የተወለደው በደብዳቤ ነው። አሜሪካዊው ደራሲ ጆን ኦሃራ በ1938 «ኒው ዮርከር» መጽሔት ላይ አጫጭር ልብ ወለዶች ማውጣት ጀመረ። ልብ ወለዶቹ ጆይ ለወዳጁ ለቴድ የሚጽፋቸው ደብዳቤዎች ናቸው። ቴድ የሙዚቃ ባንድ መሪ ነው፣ ቀንቶታል። ጆይ አልቀናውም፤ ስለዚህ ከሚጽፈው ግማሹ ጉራ፣ ግማሹ ምቀኝነት ነው። ፊደል ይገድፋል፣ ሰዋስው ይሰብራል፤ ሲጨርስ «ፓል ጆይ» ብሎ ይፈርማል፣ ወዳጅህ ጆይ ማለቱ ነው። የኦሃራ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ጆይን ማንም አይከሰውም፤ በገዛ አፉ ራሱን ያጋልጣል። ሰውየው እንዲህ መናኛ መሆኑን አንባቢው ሁሉ ሲያውቅ እሱ ብቻ አያውቅም።

ከደብዳቤዎቹ ሙዚቃዊ ተውኔት ይውጣ የሚለውን ሐሳብ ለሪቻርድ ሮጀርስ ያቀረበውም ራሱ ኦሃራ ነው። ሮጀርስ ዜማ ደራሲ ነው፤ ግጥሙን የሚጽፍለት ደግሞ ሎሬንዝ ሃርት። ሁለቱ ያን ጊዜ ከሃያ ዓመት በላይ አብረው ሠርተዋል። ጠባያቸው ግን ሰማይና ምድር ነው። ሮጀርስ በሰዓቱ ተነሥቶ በሰዓቱ የሚሠራ ሰው ሲሆን ሃርት ሌሊቱን በመጠጥ ቤት የሚያነጋ፣ ሥራ ሲፈለግ የሚጠፋ ሰው ነበር። ጆይ የሚኖርበትን ዓለም ከውስጡ የሚያውቀው ሃርት ነው፤ በግጥሞቹም ይታወቃል። ፌዛቸው ይቆነጥጣል፤ ማንንም ከፍ አድርገው አይሰብኩም።

[ምስል፦ የኒው ዮርክ ጎዳና፣ በረዶ፣ የቲያትር ቤት መብራቶች።]

ታኅሣሥ 25 ቀን 1940፣ የገና ምሽት። ኒው ዮርክ፣ ኤተል ባሪሞር ቲያትር። አዘጋጁ ጆርጅ አቦት፣ ጆይን የሚጫወተው ደግሞ ጂን ኬሊ የሚባል የ28 ዓመት ተወዛዋዥ ነው። ከጨፋሪዎቹ መካከል ስታንሊ ዶነን የሚባል ልጅ አለ። ሁለቱ ከ12 ዓመት በኋላ በሆሊውድ «ሲንጊን ኢን ዘ ሬይን» የተባለውን የሙዚቃ ፊልም አብረው ያዘጋጃሉ። ይህን እግረ መንገዴን ነው የማነሣው፤ የዚያን ምሽት ማንም አልጠረጠረም።

ተውኔቱ የሚከናወነው በቺካጎ ነው፣ ርካሽ በሆነ የምሽት ክበብ። ጆይ ሊንዳን የሚያገኛት የቤት እንስሳት የሚሸጡበት ሱቅ ደጃፍ ላይ ነው። መስኮቱ ውስጥ ያለ ውሻ እያየች ሳለ ይጠጋትና በልጅነቱ ስለነበረው ውሻ፣ ስለቤተሰቡ የቀድሞ ሀብት፣ እንባ የሚያራጭ ታሪክ ይፈጥርላታል። አንዲቷም ቃል እውነት አይደለችም። ወዲያው ግን «አይ ኩድ ራይት ኤ ቡክ»ን ይዘፍንላታል፤ በሮጀርስ ዜማዎች ውስጥ ይህን ያህል ቅንነት ያለው ጥቂት ነው። ልብ በሉ፦ ንግግሩ ውሸት፣ ዜማው እውነተኛ። ተመልካቹ የቱን ይመን? ሊንዳ ዜማውን አመነች። አልፈርድባትም።

ቬራ ሲምፕሰን ግን ሌላ ናት። ባለትዳር፣ ሀብታም፣ ዕድሜዋ ከጆይ የገፋ፣ ሰው ዓይቶ የሚለይ ዓይን ያላት። ጆይ ውሸታም እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን ታውቃለች፤ አውቃም ትወስደዋለች። ቤት ትከራይለታለች፣ ልብስ ታሰፋለታለች፣ በመጨረሻም «ሼ ጆይ» የሚባለውን ክበብ ትከፍትለታለች። «ቢዊችድ» የተባለውን ታዋቂ ዘፈን የምትዘፍነው ልብስ ሰፊው ቤት ውስጥ ነው፣ ጆይ በእሷ ገንዘብ ሱፍ እየተለካ። ተደግሞብኛል፣ አእምሮዬን ስቻለሁ እያለች፣ በዚያው አፏ ግን ሰውየው ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ታብራራለች። በዘመኑ እንዲህ ያለ የፍቅር ዘፈን አልተለመደም ነበር። አፍቃሪዋ ዓይኗ አልታወረም፤ ዋጋውን አስልታ፣ መክፈል እንደምትችል አውቃ የገባች ሴት ናት።

ኋላ ግላዲስ የምትባል ጨፋሪ ከአንድ አጭበርባሪ ወኪል ጋር ሆና «ገንዘብ ካልሰጠሽ ለባልሽ እንነግራለን» ሊሏት ይዶልታሉ። ምክራቸውን የሰማችው ሊንዳ ለቬራ ታስጠነቅቃታለች። ሁለቱ ሴቶች በጆይ ይጣላሉ ብላችሁ ጠብቃችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። አብረው ይዘፍናሉ፤ ዘፈኑ «አንቺው ውሰጂው» የሚል ነው። ቬራ ፖሊስ ዘንድ ያላትን ሰው ጠርታ ነገሩን በአንድ ቀን ትዘጋዋለች፣ ከጆይም ትለያለች። «ቢዊችድ»ንም ትደግመዋለች፣ አሁን ግን ድግምቱ ተፈትቷል እያለች። እንደኔ የተውኔቱ ቁንጮ ይህ ነው። ጆይን የሚቀጣው ዳኛ አይደለም፤ ዋጋውን ሁለት ሴቶች በየበኩላቸው አስልተው ዜሮ ማግኘታቸው ነው።

[ምስል፦ የጋዜጣ ገጽ። ሙዚቃው ይቆማል።]

በማግሥቱ የ«ኒው ዮርክ ታይምስ» ሃያሲ ብሩክስ አትኪንሰን ሥራው በሙያ የተዋጣ እንደሆነ መስክሮ አንድ ጥያቄ አስከተለ፦ ከቆሸሸ ጉድጓድ ጣፋጭ ውኃ ይቀዳል ወይ? ሃርት ይህን ሲሰማ አለቀሰ። ተውኔቱ ግን አልወደቀም፤ 374 ጊዜ ታይቷል።

ዘፈኖቹ ላይ የደረሰው ደግሞ ከሃያሲው ብዕር የከፋ ነው። በአሜሪካ የዜማና ግጥም ደራሲያን ክፍያ የሚሰበስበው አስካፕ የሚባለው ማኅበር ከሬዲዮ ጣቢያዎች የሚጠይቀውን ክፍያ ከፍ አደረገ። ጣቢያዎቹ አንከፍልም አሉ፤ በማኅበሩ የተመዘገበ ዘፈን ሁሉ ከ1941 የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ከአየር ወረደ። ተውኔቱ ከተከፈተ ገና አንድ ሳምንቱ ነበር። ሬዲዮ ለአንድ ዘፈን ሁሉ ነገር በነበረበት በዚያ ዘመን እገዳው አሥር ወር ገደማ ቆየ። «ቢዊችድ»ን አገር ሳይሰማው ቀረ።

ሃርት በኅዳር 1943 በ48 ዓመቱ ሞተ። ሮጀርስ በዚያው ዓመት ከሌላ ገጣሚ ጋር «ኦክላሆማ!» የተባለውን ሙዚቃዊ ተውኔት አቅርቦ ገናና ሆኗል። ጆይ ተረሳ።

[ምስል፦ የሚሽከረከር ሸክላ።]

ያነሣው ሸክላ ነው። በ1950 «ቢዊችድ» በተለያዩ ሙዚቀኞች ተቀርጾ በድንገት የዓመቱ ተወዳጅ ዘፈን ሆነ። በዚያው ዓመት ኮሎምቢያ ሬከርድስ የተውኔቱን ዘፈኖች በአንድ ረጅም ሸክላ አሳተመ፤ ቬራን የዘፈነችው የመጀመሪያዋ ቬራ፣ ቪቪየን ሲጋል ራሷ ናት፤ ጆይን የዘፈነው ሃሮልድ ላንግ። ሸክላው እንዲህ ሲደመጥ መድረክ ላይ ለምን አናየውም ተባለ፤ በጥር 1952 ሁለቱ ዘፋኞች የኒው ዮርክ ትልልቅ ቲያትሮች ባሉበት ብሮድዌይ ላይ ቆሙ። ይህኛው 540 ጊዜ ታየ፤ ከመጀመሪያው የበለጠ። አትኪንሰንም ተመልሶ መጣና አመሰገነ። ጉድጓዱ ያው ነው፣ ውኃውም ያው ነው። የተለወጠው ጠጪው ነው፤ ጦርነት ያየ ተመልካች በአንድ ቀጣፊ ዘፋኝ አይደነግጥም። ሃርት ግን ይህን አላየም።

[ምስል፦ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ድልድዩ፣ የሌሊት መብራት።]

አሁን ወደ ሆሊውድ። ኮሎምቢያ ፒክቸርስ፣ ያን ጊዜ ከሸክላ አሳታሚው ጋር ስም እንጂ ዝምድና አልነበረውም፣ በጆርጅ ሲድኒ አዘጋጅነት ፊልሙን በ1957 አወጣ። ቺካጎ ሳን ፍራንሲስኮ ሆነች። ጆይን ፍራንክ ሲናትራ፣ ቬራን ሪታ ሄይዎርዝ፣ ሊንዳን ኪም ኖቫክ ተጫወቱ። ሄይዎርዝ በታሪኩ ትልቋ ሴት ናት፤ በልደት ግን ከሲናትራ ሦስት ዓመት ገደማ ታንሳለች። ሆሊውድ ለወንድና ለሴት ዕድሜ የተለያየ ሚዛን እንደነበረው ለማወቅ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ስትዘፍን የምንሰማው ድምፅም የሌላ ዘፋኝ ነው፤ የኖቫክም እንዲሁ።

በዚያን ጊዜ የአሜሪካን ፊልም የሚገዛ የግብረ ገብ ደንብ ነበር፤ የባለትዳር ሴት ውሽምነት እንደ ቀልድ የሚታለፍ ጉዳይ አልነበረም። በፊልሙ ላይ ቬራ ባሏ የሞተባት ሆነች፣ ድሮ ልብሷን እያወለቀች በመጨፈር የኖረች። ዘፈኖቹም ተበወዙ። አንዳንዶቹ ወጡ፤ በምትካቸው ከሮጀርስና ሃርት የቆዩ ተውኔቶች እነ «ማይ ፈኒ ቫለንታይን» ገቡ።

ከገቡት ሁሉ አንዱ ፊልሙን ብቻውን ይሸከመዋል፤ «ዘ ሌዲ ኢዝ ኤ ትራምፕ»። በ1937 ሲጻፍ አንዲት ልጅ ስለራሷ የምትዘፍነው ነበር፤ የከበርቴዎችን ወግ አልከተልም፣ ስለዚህ ባለጌ ትሉኛላችሁ የሚል። በፊልሙ ውስጥ ግን ጆይ ስለ ቬራ፣ ፊቷ ላይ፣ ይዘፍነዋል። ከፒያኖው ይጀምራል፣ ይነሣል፣ ይጠጋታል። ስድብ ነው፤ ደግሞም ውዳሴ ነው። የሄይዎርዝ ፊት መጀመሪያ ይኮሳተራል፣ ቀስ እያለ ይፈታል። ሲናትራ በዚህ ፊልም የጎልደን ግሎብ ሽልማት አግኝቷል፤ ለዚህች ትዕይንት ብቻ ቢሰጡትም ቅር አይለኝም።

ችግሩም ከዚህ ይመነጫል። ሲናትራ ሲዘፍን ጆይ ሦስተኛ ደረጃ ዘፋኝ ነው ብሎ ማን ያምናል? የኦሃራ ጆይ ችሎታው ከጉራው የሚያንስ ሰው ነበር። የሲናትራው ጆይ ግን ሊሳካለት የሚገባ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው ባዶ እጁን ብትሰዱት ተመልካች ይቀየማል። ስለዚህ አንድ ደግ ሥራ ተሰጠው። ሊንዳ ልብሷን እያወለቀች እንድትጨፍር ልምምድ ስትጀምር ጆይ ያስቆማታል፤ በዚህም ክበቡን ያጣል። ከዚያ ልጅቷን ቢሸልሙት ማን ይከለክላል?

ከዚያ ወዲህም ጆይን የሚያድሱ አልጠፉም። በ2008 ተውኔት ደራሲው ሪቻርድ ግሪንበርግ ታሪኩን ዳግም ጽፎት ስቶካርድ ቻኒንግ ቬራን ሆና ብሮድዌይ ላይ ታየ። በ2023 ደግሞ በኒው ዮርክ ሲቲ ሴንተር ጆይ ጥቁር የጃዝ ዘፋኝ ሆኖ ቀረበ፤ የሚታገለው ክበብ ለማግኘት ብቻ ሳይሆን የራሱን ድምፅ ለማግኘት ነው። የተከበረ ሐሳብ ነው። ለእኔ ግን ሰውየው ሰበብ በተደረደረለት ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል፤ ፊልሙን ለሲናትራ ድምፅ አያለሁ፣ ጆይን ለማግኘት ግን የኦሃራን ደብዳቤዎች አነባለሁ።