ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ልትገቡ ነው? ከቤቱ በፊት ትምህርት ቤቱን

(ምስል፦ ጭጋግ የለበሰ የጦሳ ተራራ። ሹራብ ደርበው ቁልቁል የሚወርዱ ተማሪዎች።)

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ? ዛሬ የማወራው ከነልጆቻቸው ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሊገቡ ለተዘጋጁ ቤተሰቦች ነው። በሥራ ዝውውር የምትመጡ ትኖራላችሁ። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ያገኛችሁ፣ ንግድ ልትከፍቱ ያሰባችሁ፣ ወላጆቻችሁን ልትጦሩ የምትመለሱም አላችሁ። የሁላችሁም ጭንቀት አንድ ነው፤ ልጁን የት ላስገባው?

መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ትምህርት ቤቱን ምረጡ። ቤት ከዚያ በኋላ ተከራዩ። አብዛኛው ሰው ተገላቢጦሹን ነው የሚያደርገው። እኛም ያደረግነው እንደዚያ ነው።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስንመጣ ጢጣ አካባቢ ደህና ቤት በደህና ዋጋ አገኘን። ደስ ብሎን ቀብድ ከፈልን። ትምህርት ቤት መፈለግ የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው። ለልጃችን የተስማማት ደግሞ መሀል ከተማ ሆነ። ሦስተኛ ክፍል ነበረች። ጠዋት በአንድ ባጃጅ ፒያሳ ድረስ፣ ከዚያ በሌላ ባጃጅ፣ የመጨረሻዋን ዳገት በእግር። ጥቅምት ገብቶ ያ የደሴ ብርድ ሲጀምር ክፍል የምትደርሰው እጇ ደንዝዞ ነው። እርሳስ መያዝ ያቅታታል። አስተማሪዋ ጠርታን "የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ትፈዛለች" ስትለን ነው ነገሩ የገባን። ልጅቷ ሰንፋ አይደለም፤ መንገዱ አድክሟት ነው።

(ምስል፦ ካርታ። ከደሴ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ።)

ሁለቱ ከተሞች ጎረቤት ናቸው። በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ያለው። የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ ግን ሌላ አገር የገባችሁ ነው የሚመስላችሁ። ኮምቦልቻ ከደሴ በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ናት። ካርታ ላይ ቅርብ የሚመስል ሰፈር ለትንሽ ልጅ እግር ሩቅ ይሆናል። ኮምቦልቻ የተሻለ ሜዳ አላት፣ ሙቀቷም ለልጅ ይመቻል። የእሷ ጣጣ መኪናው ነው። በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ ከዚያ ነው የሚገነጠለው። የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና በከተማዋ ያልፋል። ስለዚህ ደሴ ላይ "ዳገቱን እንዴት ይወጣዋል?" ብላችሁ ጠይቁ። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ "አስፋልቱን ማን ያሻግረዋል?"

አንዱ ከተማ እየኖረ ልጁን ሌላው ከተማ ማስተማር የሚፈልግም ሰው አለ። ለትልቅ ተማሪ ይሁን። ለትንሽ ልጅ ግን አልመክርም። ሐረጎ ላይ ጭጋግ ሲወርድ ሹፌሩም እየተጠነቀቀ ነው የሚነዳው። ያንን መንገድ ልጅን በየቀኑ ማመላለስ ከባድ ነው።

ታዲያ አንድ ትምህርት ቤት ስታስቡ ጠዋት 1:30 ላይ ልጁን ይዛችሁ መንገዱን ሂዱት። በመኪና አይደለም፤ እሱ በሚሄድበት መንገድ። የኮንትራት ባጃጅ ልትይዙ ከሆነ ስንት ልጅ እንደሚጭን እዩ። ሹፌሩንም ጎረቤት የሚያውቀው ይሁን።

(ምስል፦ የትምህርት ቤት በር። ጥበቃው ከወላጅ ጋር ሲያወራ።)

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ። ሰው ስትጠይቁ መጀመሪያ የሚሰጣችሁ ስም ነው። "እዚያ አስገባው፣ ጎበዝ ትምህርት ቤት ነው" ይላችኋል። መቼ ጎበዝ እንደነበረ ግን አይነግራችሁም። ትልልቆቹን የደሴ ሰዎች ብትጠይቁ ወይዘሮ ስህንን በፍቅር ያነሱላችኋል። ስሙ የእቴጌ መነን እናት ስም ነው። ስንትና ስንት ሰው የተማረበት ሁለተኛ ደረጃ ነበር። ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ነው። ስም ይቆያል፣ ውስጡ ይለወጣል። ርእሰ መምህር ሲቀየር፣ ሁለት ጎበዝ መምህራን ሲለቁ አንድ ትምህርት ቤት በሁለት ዓመት ሌላ ሊሆን ይችላል።

እኔ ከስም ይልቅ ደብተር አምናለሁ።

እንዲህ አድርጉ። ልጃችሁ የሚገባበት ክፍል ውስጥ የሚማር የሰፈር ልጅ ፈልጉ። ወሎ ናችሁና ቡና ላይ ጠይቁ፤ ማንም አይከለክላችሁም። እኔ የጠየቅኳቸው እናት "አብሽሪ ልጄ፣ እንዳለ ቦርሳውን ላምጣልሽ" ነው ያሉኝ። የሂሳቡንና የአማርኛውን ደብተር ግለጡ። መምህሩ አርሞታል? ወይስ ዝም ብሎ ፈርሟል? የተሳሳተ መልስ ላይ ምልክት አለ? ልጁ ስህተቱን መልሶ ሠርቶታል? መጨረሻ የታረመው መቼ ነው? ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀይ እስኪሪብቶ ያልነካው ደብተር ካያችሁ የግቢው አበባና የግድግዳው ቀለም አያታልላችሁ። ደግሞ ልጁ ራሱ የጻፈው ዓረፍተ ነገር መኖሩን እዩ። ከሰሌዳ የተገለበጠ ብቻ ከሆነ ልጁ እየጻፈ ነው እንጂ እየተማረ አይደለም።

ከዚያ ግቢውን በትምህርት ቀን ጎብኙ። ቅዳሜ ሄዳችሁ ባዶ ክፍል አይታችሁ አትመለሱ። ሽንት ቤቱን ግቡበት፤ ማፈር የለም። ውሃ መኖሩን እዩ። ሴት ልጅ ያላችሁ በተለይ፣ ይሄ ከአምስተኛ፣ ስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ከትምህርት ገበታ መቅረትና አለመቅረት ማለት ነው። ክፍል ውስጥ ስንት ልጅ እንዳለ ቁጠሩ። በአገር ደረጃ ለአንደኛ ደረጃ የተቀመጠው መለኪያ ለአንድ መምህር 50 ተማሪ ነው። የግል ስለሆነ ብቻ ያነሰ ይሆናል ብላችሁ አትገምቱ።

ጥበቃውን አናግሩት። ወላጅ ሲዘገይ ልጁ የት እንደሚቆይ የሚያውቀው እሱ ነው። እኛን "እህቴ፣ የመጨረሻው ልጅ ሳይወሰድ እኔ ከዚህ በር አልነቃነቅም" ያለን ሰው ዛሬም አለ።

(ምስል፦ የሂሳብ ደብተር፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ።)

የማስተማሪያ ቋንቋ ነገር ብዙ ወላጅ ያመልጠዋል። ከከሚሴ በኩል የምትመጡ ልጃችሁ እስካሁን የተማረው በአፋን ኦሮሞ ሊሆን ይችላል። እዚህ አንደኛ ደረጃው በአማርኛ ነው። ልጁ ትምህርቱን ያውቀዋል፤ ቃሉን ነው የማያውቀው። ከግል ወደ መንግሥት ሲዛወርም እንዲሁ ነው። "ፍራክሽን" እያለ የመጣ ልጅ "ክፍልፋይ" ሲባል ግራ ይጋባል። በመጀመሪያው ወር ውጤቱ ቢወርድ አትደንግጡ። ለመምህሩ ግን አስቀድማችሁ ንገሩ። በተገላቢጦሽ ደግሞ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን ሰባተኛና ስምንተኛ ላይ እንግሊዝኛው እንዴት እንደሚሰጥ ጠይቁ።

እስከ ስንተኛ ክፍል እንደሚያስተምርም ጠይቁ። አሁን አደረጃጀቱ ከ1 እስከ 6፣ ከ7 እስከ 8፣ ከ9 እስከ 12 ነው። አምስተኛ ክፍል አስገብታችሁ በሁለት ዓመት ሌላ ፍለጋ እንዳትወጡ።

ትልቅ ልጅ ያላችሁ፣ ውጤት ስትጠይቁ ሁለት ቁጥር ጠይቁ። ስንት አስፈተናችሁ? ስንት አለፈ? "20 ልጅ አሳልፈናል" ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ በመላ አገሪቱ 50 ከመቶ የደረሰው ተፈታኝ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበር። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በላይ ነበሩ። ስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናም ላይ ሁለቱን ቁጥሮች ጠይቁ።

ሁለተኛ ደረጃ ከሆነ ቤተ ሙከራውንና ቤተ መጻሕፍቱን አስከፍቱ። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ሲደርስ በደቡብ ወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል። ከዚያ በፊትም የደሴ ትምህርት ቤቶች ተፈናቃይ አስጠልለው ነበር። ይሄን የምለው ለወቀሳ አይደለም። ምን እንደተተካና ምን እንደጎደለ አውቃችሁ ግቡ ለማለት ነው። በጎደለው ላይ ወላጅ ማገዝ ይችላል።

ክፍያው ላይ ወርሃዊውን ብቻ ሰምታችሁ አትውጡ። መመዝገቢያ፣ መጻሕፍት፣ ዩኒፎርም፣ ሰርቪስ፣ ማጠናከሪያ፤ ሁሉንም ደምሩ። የመንግሥት ከሆነ ፈረቃ መኖሩን ጠይቁ፤ ከሰዓት የሚማር ልጅ ጠዋት ማን ጋ ይውላል?

ወረቀቱ ቀላል ነው። ከነበረበት ትምህርት ቤት መሸኛና የውጤት ማስረጃ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ጉርድ ፎቶ። መሸኛውን ግን ያላችሁበትን ከተማ ሳትለቁ ያዙ። በኋላ ለአንድ ማህተም መመለስ ያስመርራል። ምዝገባው ከመስከረም በፊት ስለሆነ ነሐሴ ላይ ብትመጡ ይሻላል።

(ምስል፦ ጠዋት። ሦስት ልጆች አጥር አጥሩን ይዘው ሲሄዱ።)

እኛ ጥር ላይ ቤት ቀየርን። ትምህርት ቤቱን አልቀየርንም፤ ጓደኞች ይዛ ነበር፣ አስተማሪዋንም ትወዳታለች። አዲሱ ቤት በአንድ ክፍል ያንሳል፣ ኪራዩም ይበልጣል። ግን ጠዋት 1:45 ላይ ሁለት የጎረቤት ልጆች በሩን ያንኳኩላታል። ሦስቱም እያወሩ ይወጣሉ። ስምንት ደቂቃ ነው የሚፈጅባቸው።