የቅኔ ተማሪው አእምሮ

የተከበራችሁ የአብነትና የዘመናዊ ትምህርት መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ስለ ሰው አእምሮ የተነሡትን ንድፈ ሐሳቦች እንዳነጻጽር ስጠየቅ፣ የታወቁት የቅኔ ጉባኤ ቤቶች፣ የዋሸራና የጎንጅ አገር በሆነው በጎጃም ቆሜ ሩቅ ምሳሌ መፈለግ አላሻኝም። ደበሎውን ለብሶ ከዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ጉባኤ ቃና የምትባለውን አጭር ቅኔ ለመድረስ የሚቆጥረውን ልጅ ሁላችንም እናውቀዋለን። በዚያች ሰዓት በውስጡ ምን እየተካሄደ ነው? ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጆን ዋትሰን በ1913 ያወጀው፣ በኋላም የአገሩ ሰው ስኪነር ያስፋፋው ቢሄቪየሪዝም የተባለው የባሕርይ ጥናት፣ የልጁን ውስጥ ትተን የሚታየውን እንመዝግብ ይላል። የኔታ ሲያመሰግኑት ይበረታል፤ ሲገሥጹት ስሕተቱን ይተዋል። ዳዊት ለመድገም ይህ ማብራሪያ ይበቃ ይሆናል፤ እኔም ፊደል የቆጠርሁት በአለንጋ ነውና ጨርሼ አልክደውም። ከቅኔ ሲደርስ ግን ይሰናከላል፤ ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ ተመልሶ አይባልምና። የቋንቋ ሊቁ ኖም ቾምስኪ በ1959 ስኪነር ስለ ቋንቋ የጻፈውን ሲተች ያነሣው ሙግት ከዚህ ይገጥማል፤ ሰምቶት የማያውቀውን ዐረፍተ ነገር የሚፈጥር ሰው በልምምድና በሽልማት ብቻ አይገለጽም። ከዚያ ወዲህ የተጠናከረው የግንዛቤ ጥናት የአእምሮን የውስጥ ሥርዓትና የትውስታን አቅም መመርመር ያዘ። ጀማሪው በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተጀምሮ ቀስ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ መውጣቱ በዚህ ዐይን ሲታይ ትርጉም ያገኛል።

ሕልምንና ስውር ሐሳብን የመረመረው የሲግመንድ ፍሮይድ ነገር ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ቶሎ ይገባል። ሕልም ላዩ ሌላ፣ የተሰወረው ፍቺው ሌላ ነው ይላልና። ነገር ግን መመሳሰሉ አያታልለን። ባለቅኔው ወርቁን የሚሰውረው አውቆ ነው፤ የፍሮይድ ሕልመኛ ግን ራሱ የሰወረውን ራሱ አያውቀውም። ደግሞም ተማሪ ቅኔን አጣሞ ቢፈታ መምህሩ በሰዋስው ይረቱታል፤ የሕልሙ ፍቺ ቢሳሳት በምን ይረታል? ፈላስፋው ካርል ፖፐር በፍሮይድ ትምህርት ላይ ያቀረበው ትችት መሠረቱ ይኸው ነበር፤ እስካሁንም የሚያጠግብ መልስ ያገኘ አይመስለኝም።

እኔ የማደላው ወደ ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ ነው። እርሱ እንደሚለው የሰው ከፍተኛ አስተሳሰብ መጀመሪያ በሰዎች መካከል ይኖራል፤ ኋላ ወደ ውስጥ ይገባል። ሕፃን ጮክ ብሎ ለራሱ የሚናገረውም ውሎ አድሮ ድምፅ አልባ የውስጥ ንግግር ይሆናል። እንግዲህ የዚያ ተማሪ የከንፈር እንቅስቃሴ ምን እንደሆነ ስጠይቅ፣ ለነገራ፣ ማለትም የደረሰውን ቅኔ ለመምህሩ ለማሰማት ቀርቦ «ቤት አልመታም፤ ሰሙ ከወርቁ አልገጠመም» የተባለውን አሁን ራሱ ለራሱ እያለ፣ ራሱም እየመለሰ ይመስለኛል። የኔታን ይዟቸው ከዛፉ ሥር ተቀምጧል ማለት ነው።

ግምቴ ልክ መሆን አለመሆኑን ግን ያን ዛፍ የሚያውቁት፣ ከፊት ወንበር የተቀመጡት የቅኔ መምህራን ይፍረዱልኝ፤ መድረኩን ለእነርሱ እለቃለሁ።