ሁለት ሳጥን፦ ለዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የክብር እንግዶቻችን፣ ለጎልማሶች እንግሊዝኛ የምታስተምሩ ውድ የማኅበራችን አባላት፣ እንኳን ለዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ። አዳራሹን በነፃ ለፈቀዱልን፣ ድምፅ ማጉያውን ላዋሱን፣ ከማለዳ ጀምሮ ወንበር ሲደረድሩ ለነበሩት ወጣቶች ምስጋናችን የላቀ ነው። የሁሉም ስም በመርሐ ግብሩ ጀርባ ታትሟል፤ አንድ በአንድ ባልጠራ ቅር አትሰኙብኝ።

የዓመቱን ሥራ ቶሎ ልበለው። ለመምህራን አራት ሥልጠና ሰጥተናል። ሁለት ማዕከላት የማታ ክፍል ጀምረዋል። የውሰት መጻሕፍት ሳጥናችን መጻሕፍቱ ቢጎድሉበትም ከማዕከል ማዕከል እየዞረ ነው። ዝርዝሩን ጸሐፊያችን ታቀርባለች። እኔ የቆምኩት ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነገር ላወራችሁ ነው።

ባለፈው ጉባኤ እጅ አውጥተን የወሰንነውን ታስታውሳላችሁ። አዲስ ጎልማሳ ተማሪ ሲመዘገብ እንግሊዝኛ የመናገርና የመስማት ችሎታው ለብቻ፣ የማንበብና የመጻፍ ችሎታው ለብቻ ይመዘን፤ ቅጹም ሁለት ሳጥን ይኑረው አልን። የተቃወመ ነበር፣ ድምፀ ተአቅቦ ያደረገም ነበር፤ ግን አለፈ፣ በቃለ ጉባኤም ተያዘ። ከዚያ ወዲህ ጽሕፈት ቤታችን ከደረሱት ቅጾች ብዙዎቹ አንዱ ሳጥን ተሞልቶ ሌላው ባዶውን ነው። በሁለቱም ላይ ያንኑ ቁጥር የሚደግሙም አሉ። እነዚህ ይብሱብኛል፤ ባዶው ቢያንስ አይዋሽም።

ጥፋቱ በከፊል የቃሉ ይመስለኛል። እኛ መለኪያውንም «ደረጃ»፣ ተማሪው የሚወጣበትንም «ደረጃ» እንላለን። ስለ ደረጃ ስንከራከር ግማሻችን ስለ ሜትሩ፣ ግማሻችን ስለ ቁመቱ እያወራን ስንት ስብሰባ አለፈ! ስለዚህ ዛሬ መለኪያውን መለኪያ፣ መወጣጫውን እርከን እላለሁ።

በማታ ክፍሌ አንድ ሰው ነበሩ። እንግሊዝኛውን ሥራ ቦታ ለቃቅመውታል፤ ይቀልዱበታል፣ ይከራከሩበታል። ሲመዘገቡ ያነጋገርኳቸው እኔ ነኝ፤ ሦስተኛው እርከን ላይ የመደብኳቸውም እኔው። ማታ ማታ ትምህርቱ ሲያልቅ ስልካቸውን አውጥተው ሰሌዳውን ፎቶ ያነሳሉ። «እንዴት ያለ ትጉ ተማሪ አገኘሁ» እያልኩ ለባልደረቦቼ አወራ ነበር። አንድ ምሽት ክፍል መቀየራችንን በቃል ሳልናገር ሰሌዳው ላይ ብቻ ጽፌ ወጣሁ። ያን ዕለት የእሳቸው ስልክ ባትሪ ዘግቶ ኖሯል። በማግሥቱ ሁሉም አዲሱ ክፍል ሲገባ እሳቸውን አሮጌው ክፍል ውስጥ፣ ደብተራቸውን ዘርግተው፣ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ለካ ፎቶውን ማታ ቤት ወስደው ልጃቸው ናት የምታነብላቸው። በየትኛውም ቋንቋ ፊደል ቆጥረው አያውቁም።

በአዲሱ ቅጽ እንደገና መዘንኳቸው፤ በንግግር ሦስት፣ በንባብ ከመነሻው። ያፍሩብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። «ታዲያ መምህር፣ መጀመሪያውኑ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ።

የተገላቢጦሹም አለ። ዕድሜያቸውን በሒሳብ ሥራ ያሳለፉ፣ በራሳቸው ቋንቋ ጋዜጣ ዳር እስከ ዳር የሚያነቡ እናት፣ እንግሊዝኛ ስለማይናገሩ ብቻ የነጠብጣብ ፊደል ላይ እርሳስ እንዲያስኬዱ ተሰጣቸው። በሁለተኛው ሳምንት ቀሩ። ለምን ቀሩ ብሎ የደወለም የለም። የማታ ክፍሌ ሰው እንግሊዝኛ ባይናገሩ ኖሮ፣ በአሮጌው ባለ አንድ ሳጥን ቅጽ እሳቸውንና እኒህን እናት አንድ ቤት ነበር የምናስገባቸው፤ ሁለቱም «ጀማሪ»።

ይህን ችግር እኛ አልፈጠርነውም። የአውሮፓ ካውንስል እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው፣ ከኤ1 እስከ ሲ2 የሚወጣው የቋንቋ ችሎታ መለኪያ ማዕቀፍ የተጻፈው ማንበብ የሚችል ተማሪ ታስቦ ነው። ክፍተቱ ሲታይ ያው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 ገና ማንበብና መጻፍ ለሚማሩ ጎልማሳ ስደተኞች ባለ አራት እርከን መመሪያ ጨመረ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የጎልማሶች ሥርዓተ ትምህርት መናገርን፣ መስማትን፣ ማንበብንና መጻፍን ለየብቻ ይዘረዝራል። አሜሪካኖችም ለጎልማሶች እንግሊዝኛ ካስቀመጧቸው ስድስት እርከኖች የመጀመሪያውን ፊደል ለሚቆጥረው ለይተው ሰጥተዋል። እኛ ደግሞ ለአንድ ሳጥን እንጣላለን።

የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ለጀማሪ እንደማይራራ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በ26 ፊደል 44 ገደማ ድምፅ ይሸከማል። በእኛ ፊደል «ሙ» ካልን «ሙ» ነው፤ እዚያ ግን ያው ባለ አራት ፊደል ጥምር (ough) በ«ታፍ» (tough) አንድ፣ በ«ስሩ» (through) ሌላ፣ በ«ዞው» (though) ደግሞ ሌላ ይሆናል። ሀሁ የቆጠረ ሰው ይህን ሲያይ ይስቃል ወይም ይናደዳል፤ ቢሆንም ጽሑፍ የድምፅ ምልክት መሆኑን ስለሚያውቅ ይወጣዋል። ፊደል ያልቆጠረው ግን መጀመሪያ መማር ያለበት ይህንኑ ነው፤ ያውም ገና በሚለምደው ቋንቋ። ለዚህ ሰው የሦስት ወር መርሐ ግብር አውጥተን «አልተለወጠም» ስንል እኔ አፍራለሁ።

አሁን ወደሚያመው ልምጣ። ገንዘብ ሰጪዎቻችን ውጤት የሚሉት ተማሪ እርከን ሲወጣ ነው። እርሳስ መያዝ ለምዶ ስሙን የጻፈ ሰው እርከን አልወጣም፤ በሪፖርት ዜሮ ነው። ታዲያ ምን ይደረጋል? ጎበዙን ተናጋሪ ሆን ብሎ ዝቅ አድርጎ መመደብ፣ ወሩ ሲሞላ «ወጣ» ብሎ ማስመዝገብ። ስም አልጠራም፤ የምታደርጉት ታውቁታላችሁ። ተናጋሪው የሚያውቀውን እየሰማ ይሰላቻል፣ ማንበብ የማይችለው ደግሞ ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ይረሳል።

«ገንዘብ የለማ!» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ የለም። ዘንድሮ ድጎማው ስለቀነሰ የምደባ ሥልጠናውን የመጨረሻ ዙር ሰርዘናል፤ የሰረዝኩትም እኔ ነኝ። ግን ሁለተኛውን ሳጥን ባዶ ትተን ስንሄድ ገንዘብ ሰጪው ፊት ምን ይዘን እንከራከር? ያቺን ዜሮ ያደረግናት እኛው ነን።

ደግሞ ያኮራኝንም ልንገራችሁ። አንዲት መምህርት ብቻ ያላት ትንሽ ማዕከል ከእያንዳንዱ ተማሪ በየወሩ አንድ ገጽ ጽሑፍ እያስቀረች ላከችልን። የአንዲት ተማሪ አራት ገጽ አለ። የመጀመሪያው ላይ ፊደሎቹ ከመስመሩ እየወጡ ይንሳፈፋሉ። ሁለተኛው ላይ «ቢ» እና «ዲ» ፊታቸውን አዙረዋል። ሦስተኛው ላይ የራሷ ስም ሳይዛነፍ ተጽፏል። አራተኛው የቀጠሮ ቅጽ ነው፤ የትውልድ ቀን በሚለው ቦታ የዕለቱን ቀን ጽፋ፣ ኋላ ራሷ ሰርዛ፣ ከጎኑ ትክክለኛውን አስገብታለች። ማንም ሳይነግራት አንብባ ነው የሰረዘችው። በአንዱ ሳጥን ይህች ሴት አራት ወር ሙሉ «ጀማሪ» ናት።

አሁን ደግሞ ለሌሉት። አምና «ይህ ወረቀት ማብዛት ነው» ብለው አጥብቀው የተከራከሩ አባሎቻችን አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። ናሙና አብረን እንመዝን ብለን ሦስት ጊዜ ጠራን፤ በሦስቱም የተያየነው ያው እኛው ነን። አንድ የማከብራቸው ነባር አባል «የተስማማችሁበትን ላኩልኝ፣ እፈርማለሁ» አሉኝ። ጋሼ፣ ይህ ንግግር ይደርስዎታል ብዬ ነው የምናገረው፤ ፊርማዎን ምን እናደርገዋለን? አጠገባችን ተቀምጠው ያንን ገጽ አይተው «ይህ ሁለተኛ እርከን ነው»፣ «የለም፣ አልደረሰም» ይበሉን። ተሳስታችኋል የምትሉም ኑና ገጹ ላይ አሳዩን፤ ካልደፈረሰ አይጠራም። ቤት ሆኖ ማኩረፍ ግን ቃለ ጉባኤ ላይ አይሰፍርም።

በየወንበራችሁ የዚያች ተማሪ ገጾች ቅጂ፣ ስሟ ተሸፍኖ፣ ከባዶ ቅጽ ጋር ተቀምጧል። በራሷ ፈቃድ ነው። ስትናገር የተቀዳውን ድምፅ ጸሐፊያችን አሁን ታሰማናለች። ከጎናችሁ ካለው ሰው ሳትመካከሩ ሁለቱንም ሳጥን ሙሉ፤ ከሻይ በኋላ እናነጻጽራለን። ጉባኤው በይፋ መከፈቱን አስታውቃለሁ፤ እስክሪብቶ የሌለው እጁን ያውጣ።