ባለ ርስቱ አምላክ ነው፦ በህንድ የነገሥታት ስጦታ መሬት ለምን ፍርድ ቤት አያልቅም?

[ምስል፦ በትልቅ ቀለበት የታሰሩ የመዳብ ሰሌዳዎች]

እስቲ ይሄን ቀረብ ብላችሁ እዩልኝ። 31 የመዳብ ሰሌዳ ነው፣ ሁሉም ተበስተው በአንድ ወፍራም ቀለበት ታስረዋል፣ ቀለበቱ ላይ ደሞ የንጉሥ ማኅተም አለ። የተገኘው ደቡብ ህንድ፣ ታሚል ናዱ ውስጥ ቲሩቫላንጋዱ የሚባል ቦታ ነው። የዛሬ 1000 ዓመት ገደማ ደቡብ ህንድን ይገዛ የነበረው የቾላ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ራጄንድራ አንድ መንደር እንዳለ ሺቫ ለሚባለው የሂንዱ አምላክ ቤተ መቅደስ ሲሰጥ ያስጻፈው ነው። የመንደሩን ወሰን እንዴት እንዳሰመሩት ታውቃላችሁ? ሴት ዝሆን ይዘው በድንበሩ ዙሪያ አስኬዷት፣ ሹማምንቱም ከኋላ ከኋላዋ እየተከተሉ በሄደችበት ድንጋይና ቁልቋል ተከሉ። ካርታው ይሄው ነው፣ የዝሆን ዱካ።

እንዲህ ዓይነት የስጦታ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ ፀሐይና ጨረቃ እስካሉ ድረስ የጸና ይሁን ይላሉ፣ ከዛ እርግማን ይከተላል፣ የተሰጠን መሬት የነጠቀ 60,000 ዓመት ዓይነ ምድር ውስጥ ትል ሆኖ ይወለድ ይላል። እኛም አገር ንጉሥ ለደብር ጉልት ሲሰጥ ወንጌሉ ላይ ይጻፍና ይሄንን ያፈረሰ በአፈ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዝ ይሁን ይባል የለ፣ ልክ እንደዛ ማለት ነው። እኔ ይሄን መመሳሰል ሳይ በጣም ነው የገረመኝ ምክንያቱም ሁለቱም ጋ ሰጪው ንጉሥ ከሞተ በኋላ የሚመጣውን ሰው አስቀድሞ ፈርቶታል።

መፍራቱ ደሞ ልክ ነበር። ነገሥታቱ ሄዱ፣ እንግሊዝ መጣ፣ እንግሊዝም በ1947 ሄደ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምናገረው)። መሬቱ ግን እዛው ነው። ታሚል ናዱ ብቻ በመንግሥት የሃይማኖት ተቋማት መሥሪያ ቤት ሥር ያለው የቤተ መቅደስ መሬት ከ470,000 ኤከር በላይ ነው። እና ጥያቄው፣ ንጉሡ ሲሰጥ በትክክል የሰጠው ምንድን ነው? ለማንስ ነው የሰጠው?

መጀመሪያ ምን ሰጠ የሚለውን እንይ፣ ለኛ ሰው ይሄ ቶሎ ነው የሚገባው። ታሚሎች ሁለት ቃል አላቸው፣ ሜልቫራምና ኩዲቫራም። ሜልቫራም ማለት የላይኛው ድርሻ ነው፣ ገበሬው ካመረተው ላይ ለንጉሡ ይገባ የነበረው። ኩዲቫራም ደሞ የአራሹ ድርሻ፣ መሬቱን ይዞ የማረስ መብቱ። እኛ ጉልትና ርስት ብለን እንደምንለየው አስቡት። አሁን ንጉሡ ይሄን መንደር ለአምላኩ ሰጥቻለሁ ሲል የሰጠው ግብሩን ነው ወይስ አፈሩን ጭምር? ግብሩን ብቻ ከሆነ አራሹ ባለመሬት ነው፣ ቤተ መቅደሱ ግብር ተቀባይ ነው። ሁለቱንም ከሆነ ግን አራሹ ጭሰኛ ነው ማለት ነው። ከነፃነት በኋላ እነዚህን የስጦታ ይዞታዎች የሚሽሩ ሕጎች ሲወጡ፣ ለምሳሌ የታሚል ናዱ የ1963ቱ ሕግ፣ ካሳ ለማን፣ መሬቱ በማን ስም ይዙር የሚለው ይቺ ጥያቄ ላይ ተንጠለጠለ። እና ዳኛው ቁጭ ብሎ መቶ ምናምን ዓመት የሞላው መዝገብ እያገላበጠ የንጉሥን ሐሳብ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ለማን ሰጠ የሚለው ነው፣ እኔን የሚይዘኝ እዚህ ጋ ነው።

[ምስል፦ የካልካታ አሮጌ መኖሪያ ቤት፣ ግቢው ውስጥ ትንሽ መቅደስ]

በህንድ ሕግ አምላኩ ራሱ፣ ማለት ቤተ መቅደሱ ውስጥ የተቀመጠው ምስል፣ የሕግ ሰውነት አለው። መሬት በስሙ ይመዘገባል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። እንደ ድርጅት ማለት ነው፣ ግን ከድርጅት የሚለየው ፍርድ ቤት የሚያየው አካለ መጠን እንዳላደረሰ ልጅ መሆኑ ነው፣ በራሱ አፍ መናገር ስለማይችል ሞግዚት ያስፈልገዋል። በ1925 ለንደን የነበረው ፕሪቪ ካውንስል የሚባለው የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ የካልካታ የሙሊክ ቤተሰብ ክርክር ደረሰው፣ ዘመዳሞቹ የቤተሰቡ አምላክ ምስል በየተራችን ወደ ቤታችን ይወሰድ አይወሰድ ብለው ተጣልተው ነው። ዳኞቹ ምስሉ ዕቃ አይደለም አሉ፣ የራሱ ፈቃድ አለው፣ ስለዚህ ጉዳዩ ውስጥ ጥቅም የሌለው ሰው ተሹሞለት ስለሱ ይናገር አሉ። ከዛ ወዲህ ያሉ ክርክሮች ብዙዎቹ እዚህ ላይ ይመለሳሉ፣ አዮዲያ በሚባለው ከተማ ሂንዱዎችና ሙስሊሞች የተካሰሱበት ቦታ የ2019 ውሳኔ እንኳን 2.77 ኤከሩን የሰጠው ለሕፃኑ ራማ፣ ማለት ለአምላኩ ለራሱ ነው።

አሁን ማእከላዊ ህንድ ውስጥ ወዳለው ክልል፣ ወደ ማድያ ፕራዴሽ እንምጣ። ጓሊዮር የሚባለው የድሮ ግዛት እዛ ነበር፣ መሳፍንቱ ለቤተ መቅደሶች መሬት ይሰጡ ነበር፣ ፑጃሪው፣ ማለት ካህኑ፣ አምልኮቱን እየፈጸመ ከመሬቱ ይኖራል። አባት ሲሞት ልጅ ይተካል፣ ልጅ ሲሞት የልጅ ልጅ፣ መዝገቡም ላይ የካህኑ ስም ሰፍሮ ይቆያል። ታዲያ ስሙ የሰፈረ ሰው መሸጥም ይችላል፣ አንዳንዱም ሸጠ። መንግሥት ይሄን ለማስቆም ብሎ የካህናቱን ስም ከመሬት መዝገብ ይሰረዝ የሚል መመሪያ አወጣ፣ የካህናቱ ማኅበር ከሰሰ፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ለካህናቱ ፈረደ፣ መንግሥት ይግባኝ አለ፣ ሴፕቴምበር 6 ቀን 2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመጨረሻውን ተናገረ። ካህኑ ባለመሬትም ጭሰኛም አይደለም፣ የአምላኩ አገልጋይ ነው፣ አምልኮቱን ካቋረጠ ስጦታው ሊነሳበት ይችላል። በባለቤት ቦታ ላይ የሚጻፈው የአምላኩ ስም ብቻ ነው። መሬቱን የያዘውም ራሱ አምላኩ ነው፣ ካህኑ ቢያርስ እንኳን በአምላኩ እጅ እንደታረሰ ይቆጠራል። ግን ፍርድ ቤቱ መንግሥትንም ዝም ብሎ አላለፈውም፣ የወረዳውን ሹም፣ ኮሌክተሩን፣ የሁሉም ቤተ መቅደስ አስተዳዳሪ ብሎ መመዝገብ አይቻልም፣ ቤተ መቅደሱ የመንግሥት ካልሆነ በቀር አለ።

እኔ ውሳኔውን እደግፋለሁ፣ መሸጡ መቆም ነበረበት። ግን ያ ካህን ደሞ ያሳዝነኛል፣ ደሞዝ የለውም፣ አባቱም አያቱም በዛች ማሳ ነው የኖሩት፣ ሌሊት ተነስቶ ደወል የሚደውለው እሱ ነው፣ ነገ ባንክ ሄዶ የእርሻ ብድር ልጠይቅ ቢል ምን ይዞ ይጠይቃል? ሌባውን ለመያዝ ተብሎ በወጣ መመሪያ ታማኙም አብሮ ነው ስሙ የተፋቀው።

በዛ ላይ የተሸጠው መሬት ስሙ ስለተሰረዘ ብቻ አይመለስም። ይርጋ አለ፣ ማለት ከዛ በኋላ መክሰስ የማይቻልበት የጊዜ ገደብ። በህንድ የ1963ቱ የይርጋ ሕግ መሠረት የድሮው የቤተ መቅደስ አስተዳዳሪ በገንዘብ ያስተላለፈውን መሬት አዲሱ አስተዳዳሪ ለማስመለስ 12 ዓመት ነው ያለው፣ የሚቆጠረው የድሮው ከሞተበት፣ ከለቀቀበት ወይም ከተሻረበት ቀን ወይ ደሞ አዲሱ ከተሾመበት፣ ከሁሉም የዘገየው ተይዞ ነው። ገዢው እስከዛ ቤት ሠርቶ፣ ልጅ ድሮ ሊሆን ይችላል። አስተዳዳሪው ራሱ ሻጩ ከሆነስ ማን ይክሰስ? ለዚህ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1967 መልስ ሰጥቷል፣ እዛ የሚያመልክ ማንኛውም ሰው ስለ አምላኩ ሆኖ መክሰስ ይችላል። ስለዚህ አንድ ተራ የመንደር ሰው፣ ጠዋት ጠዋት አበባ ይዞ የሚሄድ፣ ያቺ ማሳ ታጥራ ሲያይ ጠበቃ ይዞ ፍርድ ቤት ይሄዳል፣ ማመልከቻው ላይ ከሳሽ በሚለው ቦታ የአምላኩ ስም ይጻፋል፣ ከሥሩ ደሞ ስለ እሱ የሚከራከርለት ተብሎ የሰውዬው ስም።