ክረምት ሳይገባ ቱቦው ይከፈት

ክቡራን እንግዶች፣ የመንገድ ጥገና ባልደረቦቼ፣ ከየዲስትሪክቱ የመጣችሁ ፎርማኖችና ኦፕሬተሮች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

መርሐ ግብሩ ስለ ፈጣን መንገዶቻችን ትስስር እንድናገር ይጠይቃል። ትስስሩን እናንተም ታውቁታላችሁ። በ2007 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ–አዳማ መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በየአቅጣጫው 3 መስመር አለው። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የሚወርደው ደግሞ በ4 ክፍል ተከፍሎ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ የታቀደው ኤርፖርት ሲጨመርበት፣ በዚህ ሜዳ ላይ የሚመላለሰው ጭነትና መንገደኛ ዛሬ ከምናየው እጅግ ይበልጣል።

እኔ የመጣሁት ግን ስለ ውኃ ልናገር ነው።

ከዱከም እስከ ሞጆ ያለው ሜዳ አብዛኛው ኮትቻ፣ ማለትም ጥቁር የሸክላ አፈር ነው። ለጤፍ የተመቸ አፈር ለአስፋልት ጠላት ነው። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል። ከጠርዙ 1 ወይም 2 ሜትር ገባ ብሎ ከመንገዱ ጋር አብሮ የሚሄደውን ረጅም ስንጥቅ ሁላችሁም አይታችኋል። ጠርዙ ከቦዩ እርጥበት እየሳበ ያብጣል፣ በጋ ላይ ይሟሽሻል፤ መሐሉ ግን እርጥበቱ ብዙም ሳይለዋወጥ ይቆያል። አስፋልቱ በሁለቱ መካከል ይቀደዳል።

አሁን ከመንገዱ ሥር ውኃ ወደሚያሳልፈው ቱቦ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። መግቢያው ላይ የጤፍ ገለባ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የተቀደደ ማዳበሪያ፤ ከሥሩ ደለል። ውኃው መሄጃ ሲያጣ ሙሌቱ፣ መንገዱ የተቀመጠበት የአፈር ክምር፣ ግድብ ይሆንበታል። እዚያው ተኝቶ ቀስ እያለ ወደ ሰብቤዙ፣ ከአስፋልቱ በታች ወዳለው የጠጠር ንጣፍ፣ ይገባል። ከባድ መኪና ሲያልፍበት ጎማው ውኃውን ይጨምቀዋል፤ ውኃው ደቃቁን አፈር ይዞ በስንጥቁ ይወጣል። ዝናብ ባባራ ማግሥት ስንጥቁ አፍ ላይ ቡናማ ጭቃ ተረጭቶ ካያችሁ፣ ከሥር ባዶ እየሆነ ነው። በሳምንታት ውስጥ ጉድጓድ ይሆናል።

እኛ ምን እናደርጋለን? ውኃ የቋጠረ ጉድጓድ ውስጥ አስፋልት ደፍተን በአካፋ ጀርባ እንመታለን! ያ ጥገና አይባልም። ጉድጓዱ ጤነኛው ክፍል እስኪገኝ በአራት ማዕዘን ይቆረጥ፣ ግድግዳው ቀጥ ይበል፣ ውኃውና ልቅ ጠጠሩ ይውጣ፣ አዲሱን አስፋልት ከነባሩ የሚያጣብቀው ሬንጅ፣ ታክ ኮት፣ ይቀባ፣ አስፋልቱም ከ5 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ንብርብር ከጠርዝ ወደ መሐል ይጠቅጠቅ። ይህም ሁሉ ተደርጎ ቱቦው እንደተደፈነ ከቀረ፣ በሚቀጥለው ክረምት እዚያው ቦታ እንመለሳለን።

ጉድጓድ ስንደፍን ሪፖርት ይጻፋል፤ ቱቦ ስንጠርግ ማን ይጽፋል? በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው የአካፋውና የቀን ሠራተኛው ነው! ይህን የሚያደርግ ኃላፊ መንገዱን በገዛ እጁ እያፈረሰው እንደሆነ ፊት ለፊት ሊነገረው ይገባል።

አሠራሩም ይታረም። ጠረጋ ከመውጫው ተጀምሮ ወደ ላይ ነው፤ ከመግቢያው ከጀመራችሁ ደለሉን ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ። የወጣው ደለል ቦዩ ዳር አይከመር፣ የመጀመሪያው ዶፍ መልሶ ያስገባዋል፤ በመኪና ተጭኖ ይራቅ። ግሬደር ቦዩን አጥልቆ የሙሌቱን እግር እንዳይቆርጥ አንድ ሰው ቆሞ ይመልከት። ስንጥቆችም በበጋ፣ በአየር ግፊት ተነፍተው፣ ደርቀው ይታሸጉ።

ስለ ክብደት ብዙ አልናገርም። ጉዳቱ በክብደቱ አራተኛ ኃይል ገደማ ስለሚያድግ፣ 10 ቶን የተፈቀደለት አክስል (ጎማዎቹን የሚያያይዘው ዘንግ) 13 ቶን ሲጭን ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ጉዳት ያደርሳል። የመኪና ክብደት መቆጣጠሪያ ሚዛኑ ሌሊትም ይሥራ።

እስከ ግንቦት 30 ድረስ እያንዳንዱ ክፍል ቱቦዎቹን በኪሎ ሜትር ቁጥር ዘርዝሮ፣ የተጠረገበትን ቀን ጽፎ ያቅርብ። ሐምሌ ላይ ደግሞ ዝናብ እየዘነበ በእግር ይታዩ፤ ውኃ የት እንደሚቆም የሚታየው ያኔ ብቻ ነው።

አመሰግናለሁ።